ያቺ ትንሽ ቀዳዳ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ትልቋ አሁን በቁመት አንቺን ሳትበልጥ አትቀርም።

ሦስት ዓመት ሆነን። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት አላውቅም። ስልኬ ላይ ስምሽን አወጣና ዝም ብዬ አየዋለሁ። ከዚያ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ውሸት ነው። ያልጻፍኩልሽ አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺን የሚመለከት ነገር ነው።

ትንሹን ልጄን አላየሽውም። ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው። ባለፈው ወር የእስክሪብቶ ክዳን ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት።

ምሽት ነበር። ትልቁ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ አጥፋለሁ። አንድ ጊዜ ሲያስል ሰማሁት። ከዚያ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ነው ያስደነገጠኝ። «የሚያስል ልጅ አያስፈራሽ፤ እንዲያስል ተይው። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው» ብለሽኝ አልነበር? ዞር ስል አፉን ከፍቷል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ድምፅ የለውም። ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል። ከደረቱ የሚወጣው ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው፣ ሲር ሲር የሚል።

ጣቴን አፉ ውስጥ ልክተት ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። ያኔ ድምፅሽ መጣብኝ። እውነቴን ነው፣ ልክ አጠገቤ እንዳለሽ። «የማይታይሽን ነገር በጣትሽ አትፈልጊ፤ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ።»

ያንን ከሰዓት ታስታውሺዋለሽ? የመጀመሪያውን ልጄን እርጉዝ ነበርኩ። እግሬ አብጦ፣ ደክሞኝ፣ መተኛት ነው የምፈልገው። አንቺ ግን ከሥራ መጥተሽ፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ፣ ትራስ አስያዝሽኝ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ በደረቱ ክንድሽ ላይ አስተኚው፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጊ፣ ትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ። እምቢ ካለ ገልብጪውና ደረቱን በሁለት ጣት አምስት ጊዜ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነም ጀርባውን አምስት፤ ካልወጣ ከኋላው ሆነሽ፣ ከእምብርቱ ከፍ ብለሽ፣ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት። እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቅሽ። ገባኝ ስልሽ «እንደገና» አልሽኝ። ደከመኝ ስልሽ «እንደገና» አልሽኝ። ተናድጄብሽ ነበር። ሙያዋን ልታሳየኝ ነው ብዬ በሆዴ አምቼሽ ነበር። ይቅር በይኝ።

ጎንበስ አደረግኩት። አንድ። ሁለት። ሦስት። ፉጨቱ ቆመ። እዚያ ላይ የእኔም ልብ አብራ የቆመች መሰለኝ። አራተኛው ላይ ክዳኗ ወለሉ ላይ ወደቀች። ከዚያ አለቀሰ። የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትልቁ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። «እማ፣ እኔ ነኝ?» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው።

እዚያው ሌሊት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ደረቱን አዳመጠው፣ ራጅ አነሳው። ደህና ነው አለን። ክዳኗን በእጄ ጨብጬ ነበር የሄድኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሙ ተቀበለኝና ወደ መብራቱ አዞራት። «ይህቺን ቀዳዳ አየሻት?» አለኝ። ጫፏ ላይ ያለችውን። ዕድሜ ልኬን በእስክሪብቶ ስጽፍ አይቻት አላውቅም። ልጅ ክዳኑን ቢውጠው ጥቂት አየር እንድታልፍ ተብሎ ነው የምትበሳው አለኝ። ቤት ገብቼ አነበብኩ። እውነት ነው። አይኤስኦ 11540 የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ እንኳ አለው፣ ስለ እስክሪብቶ ክዳን ደህንነት ብቻ የተጻፈ። ያ ፉጨት እኮ የቀዳዳዋ ነው! ጊዜ ያገኘሁት በእሷ ነው።

እስቲ አስቢው። የሆነ ቦታ፣ እኔን የማያውቅ ሰው፣ ስለማያውቀው ልጅ ተጨነቀ። ተሰብስበው ተነጋገሩበት። ክዳኑ ተበሳ። እኔ ያንን ሰው በምን ላመስግነው? ስሙን አላውቅም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። ስምሽ ስልኬ ውስጥ ነው።

አንድ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። በዚያች ደቂቃ አልጸለይኩም። እኔ፣ ሁልጊዜ ስለ ጸሎት የማወራው፣ የእግዚአብሔርን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሁም። ቆጠርኩ እንጂ። ተመስገን ያልኩት ልጁ ካለቀሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ ይሄ አሳፈረኝ። አሁን አሁን ግን ሌላ ነገር አስባለሁ። እግዚአብሔር ያንን ከሰዓት በአንቺ በኩል መልሱን ቀድሞ ልኮልኝ ከነበረስ? እኔ ደክሞኛል እያልኩ ስነጫነጭ?

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልግባ።

የኔ ባል መኪናው ተገልብጣ የወጣ ጊዜ አንቺ ነሽ መጀመሪያ የደረሽልን። ልብሱ ላይ ያለውን የመስታወት ስብርባሪ በእጅሽ ለቅመሽለታል። ቀበቶው ደረቱ ላይ የተወው ሰንበር ለሳምንታት አልጠፋም ነበር። የመኪና ቀበቶን ታሪክ ያነበብኩት ያኔ ነው። ኒልስ ቦሊን የሚባል የቮልቮ መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው፣ ይሄ ሁላችንም የምናውቀው በትከሻና በወገብ የሚያልፈው። ኩባንያው ፈጠራውን ሌሎችም መኪና ሠሪዎች በነፃ እንዲጠቀሙበት ለቀቀው። ይህን ስነግርሽ እንዴት ደስ ብሎሽ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከዓመት በኋላ ያንቺ ባል ሄደ። እሱም ቀበቶውን አስሮ ነበር። አውቃለሁ። አንቺም ጸልየሽ ነበር። ያንንም አውቃለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ አብሬሽ ተንበርክኬ ነበርና።

ከቀብሩ በኋላ ቤትሽ ሰው ሞልቶ ሳለ አንዷ ሴትዮ ስለ እኔ ባል ጠየቀችኝ። «ያንተ ያለህ፣ እንዴት ተረፈ?» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «ጸለይን፣ እግዚአብሔር ሰማን» አልኩ። አንቺ ከእኔ ሁለት ሰው አልፈሽ ተቀምጠሽ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ምንም አላልሽም። ያ አስተያየት ሦስት ዓመት ሙሉ አብሮኝ አለ።

ክፉ አስቤ አልነበረም። ግን ያቺ አጭር አረፍተ ነገር ምን እንደተሸከመች ያኔ አልታየኝም። እኛን ሰማን ካልኩ አንቺን አልሰማሽም ማለቴ ነው። እኛን ስለሚወደን አተረፈልን ካልኩ ያንቺን ምን ልል ነው? ለምስጋናዬ ምክንያት ልሰጠው ስሞክር ምክንያቱ ተመልሶ አንቺን ወጋሽ።

ከዚያ ወዲህ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ደጋግሜ አነበብኩ። ታውቂዋለሽ፤ የጴጥሮስ ታሪክ እያልን ነው የምንጠራው። በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቷል። መልአኩ ቀሰቀሰው፣ ሰንሰለቱ ወደቀ፣ የብረቱ በር በራሱ ተከፈተ። ሮዴ የምትባል ልጅ ድምፁን ሰምታ ከደስታዋ የተነሳ በሩን ሳትከፍትለት ወደ ውስጥ ሮጠች። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ፈገግ እላለሁ። ግን ምዕራፉ የሚጀምረው በጴጥሮስ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው ይላል። በቃ። አንድ መስመር። ሁለቱም ከጌታ ጋር የዋሉ ናቸው፤ የገሊላ ባሕር ዓሣ አጥማጆች። ስለ ያዕቆብ ማንም አልጸለየም ብዬ ላምን አልችልም። የቤተ ክርስቲያኑ እምነት አንሶ ነው እንዳልል ደግሞ፣ ጴጥሮስ በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ እንኳ የሚጸልዩት ሰዎች አላመኑም። ሮዴን አብደሻል ነው ያሏት።

እኔ የማስበው ዮሐንስን ነው። የዚያን ሌሊት የጴጥሮስ ወሬ ሲደርሰው ምን ተሰማው? ወንድሙን ገና መቅበሩ ነው። ጓደኛው ደግሞ በሕይወት መጣ። እንደሚመስለኝ ደስም ብሎታል፣ አልቅሷልም። ጴጥሮስስ ዮሐንስን ሲያገኘው «ተጸለየልኝና ወጣሁ» ይለዋል? እኔ ብሆን እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ ዝም እል ነበር። አንቺ ፊት ማድረግ የነበረብኝም ያንን ነው።

ስለ ሰሊሆም ግንብም አሰብኩ፣ ወድቆ 18 ሰዎች ስለገደለው። ከሌላው ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ይመስላችኋልን ብሎ ጌታ ጠየቀ። ራሱ አይደለም ብሎ መለሰ። የሞቱት ከሌላው ካልባሱ፣ የተረፍነውም ከሌላው አንበልጥም ማለት ነው። ይህን ለማየት ለምን ሦስት ዓመት እንደፈጀብኝ አላውቅም።

እናቴ ከእኔ ቀድማ ገብቷት ነበር። ይህንንም አልሰማሽም። ባለፈው ክረምት በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥላ መኝታ ቤቷ አስገባች። መስኮቱ ዝግ ነው። የከሰል ጭስ ቢጠፋም ጋዙ አይጠፋም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው። ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሌሊት ስልኳ ጮኸ። ተነስታ ልታነሳው ስትል ራሷን አዞራት፣ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ እየዳኸች በሩን ከፈተች። የደወለው ሰው ቁጥር ተሳስቶ ነው። «የተሳሳተ ቁጥር የሚባል ነገር አላውቅም» ትላለች እናቴ። ግን አስተውዪ፣ እኔ በጣም ደግ ስለሆንኩ ነው አላለችም። ለምን እኔን ብላም አልተፈላሰፈችም። ከማግስቱ ጀምሮ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ከሰል ይዛችሁ አትተኙ እያለች ነው። እስካሁን አላቋረጠችም። እምቢ ወዳለቻት አንዲት ሴትዮ ሦስት ጊዜ ሄዳለች፤ ልክ አንቺ እኔን «እንደገና» እንዳልሽኝ።

እኔ እንደ እናቴ አይደለሁም። ትንሹ ከተረፈ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሌሊት እየተነሳሁ አፍንጫው ሥር ጣቴን አስቀምጥ ነበር፣ መተንፈሱን ለማየት። ሲስቅ አለቅሳለሁ። ሲያለቅስ እስቃለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ውኃ ደፋ ብዬ ጮህኩበት። በቃ፣ ወደ ድሮዬ። ምስጋና እንዲህ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የዚያን ቀን ማታ ስለ አሥሩ ለምጻሞች አነበብኩ፣ ሉቃስ 17 ላይ። አሥሩም ነጹ። ዘጠኙ አመስጋኝ አልነበሩም ለማለት ይከብደኛል፤ ምናልባት በየቤታቸው ደስ ብሏቸው ተመስገን ብለዋል። አንዱ ግን የሄደበትን መንገድ ተመለሰ። እኔ በየቀኑ ተመስገን ስል ነበር። የመመለሻውን መንገድ ግን አልሄድኩበትም። መንገዱ አንቺ ደጅ ያደርሳል።

ስለዚህ አሁን ልበልሽ። ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ አመሰግንሻለሁ። በዚያ ቀን ለተናገርኩት ነገር ይቅርታ አድርጊልኝ። ላስተባብል አልፈልግም። ባልሽ ለምን እንደሄደ፣ የእኔው ለምን እንደቀረ አላውቅም። እግዚአብሔርን እወደዋለሁ፣ አምነዋለሁም፤ ይህን ግን አልነገረኝም። ከእንግዲህ ለማንም አውቃለሁ አልልም።

ባልሽን እኔም ናፍቄዋለሁ። ስልክ ሲያነሳ ገና ሳልናገር «እሺ እሺ፣ እሷን ነው የምትፈልጊው» ይለኝ የነበረው ጆሮዬ ላይ አለ። ስሙን ከአንቺ ጋር ሆኜ መጥራት ፈልጌ ሦስት ዓመት ፈራሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ልምጣ? ትንሹን ይዤው ልምጣ ወይስ ብቻዬን? አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ። ገና አልተዘጋጀሁም ካልሽም እጠብቃለሁ፤ ቅር አይለኝም። ከመጣሁ ብዙ አላወራም። ካወራሽ እሰማለሁ፤ ካላወራሽም አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

ትልቁ ልጄ ያቺን የጀርባ አመታት አስተምሪኝ ብሎ ይዞኛል። በትራስ አሳየሁት። ልክ መሆኔን ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ እጄን የት ላይ እንደማሳርፍ። አንቺ ብታሳዪው ደስ ይለኛል።

ያንቺው