ሳታዪ አትላኪ

ሚሚዬ፣

ማታ ከሥራ ስገባ ተኝተሽ ነበር። ጠዋት ስትወጪ ደግሞ እኔ አልነቃም። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ሽሮው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።

ወንድምሽ ነገረኝ። ቅዳሜ ለተፈተንሽው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ለኤስኤቲው፣ «ውጤቱ ለአራት ትምህርት ቤት በነጻ ይላካል» ብለሽ አራት ኮሌጆች ሞልተሻል አሉ። የኔ ልጅ፣ በነጻ የሚሆነው ከፈተናው በኋላ እስከ 9 ቀን ብቻ ነው። ውጤቱ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ምን እንዳመጣሽ ሳታውቂ ሊሄድብሽ ነው። ሳታዪ አትላኪ! እስከ ሰኞ ድረስ ስሞቹን አውጪያቸው። በኋላ የሚጠየቀውን ክፍያ እኔ እከፍላለሁ። የቤቱን ገንዘብ የማስበው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።

በእጅሽ ያለውንም ደህና አድርገሽ እዪው። በሜይ ሒሳብ 680፣ ንባብና ጽሑፍ 560። በኦገስት ሒሳብ 640፣ ንባብና ጽሑፍ 630። አንቺ 1240 እና 1270 እያልሽ ትተክዣለሽ። ሱፐርስኮር የሚያደርግ ኮሌጅ ግን ከሁለቱም ትልቅ ትልቁን ወስዶ 1310 ነው የሚልሽ። እንደዚያ ላለው ሁለቱንም ላኪ። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ነው፤ የተፈተንሽውን ሁሉ ይፈልጋል፣ መምረጥ የለም። ውጤት ግዴታ ያልሆነበት ኮሌጅ ከሆነ፣ የገቡት ልጆች መካከለኛው ግማሽ ከስንት እስከ ስንት እንዳመጡ ፈልጊ። ከታችኛው ቁጥር በጣም ዝቅ ካልሽ ተይው። መሀል ከገባሽ ላኪ፣ አትፈሪ።

የደሴውን ነገር እናትሽ ግማሹን ነግራሻለች። የማትሪክ ውጤት የተለጠፈ ቀን ሆዴ ተረበሸና ሰሌዳው ጋ መቅረብ አቃተኝ። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጓደኛዬን ላክሁት። ተመልሶ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝና «አይዞህ» አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁትም። በሳምንቱ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ሲሚንቶ ተሸከምኩ። እናቴ ወረቀቱን ስታመጣልኝ ታኅሣሥ ነበር። አልፌ ነበር። ልጁ ያነበበው ከእኔ በታች ያለውን መስመር ነው። ምዝገባው አልፏል፤ በዓመቱ ደግሞ አባቴ ታመመ። በእሱ አልፈርድም፣ ልጅ ነበር። በዓይኔ ማየት የፈራሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ሌሊት መኪና ሳቆም ያ ድንጋይ ይመጣብኛል።

ስለዚህ ሚሚዬ፣ ሳታዪ አትላኪ። አይተሽም አትደብቂኝ። ስንትም ይሁን አልቆጣም።

የኮምፒውተሩ ቻርጀር ከሶፋው ሥር ነው። እሁድ እረፍት ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክፈቺው፣ አራቱን ስም አብረን እናወጣለን። መነጽሬን ይዤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

አባትሽ