ስትለካ በስሟ፣ ስትጠይቅ በቁጥሯ

ለልጆችና ለወጣቶች ጤና የረዥም ጊዜ ክትትል ጥናት የበላይ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሦስት ደብዳቤና በሁለት ቀጠሮ ያላገኘሁትን መልስ በአደባባይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውዎታል። መድረሳቸውን ያወቅኩት መልስ አግኝቼ አይደለም፤ የመዝገብ ቤታችሁ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች እጄ ላይ ስላሉ ነው። ከማኅተሙ በኋላ ጉዳዩ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሁለት ጊዜ በአካል ቀርቤም አንዴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ፣ አንዴ ደግሞ ከዚህ በታች የምመለስበትን አስገራሚ ማብራሪያ ሰምቼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ጻፍኩት።

ልጄን የምታውቋት ከመወለዷ በፊት ነው። ነፍሰ ጡር ሳለሁ የስምምነት ቅጻችሁን ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ በየዙሩ ክብደቷ፣ ቁመቷ፣ የጭንቅላቷና የክንዷ ዙሪያ፣ ደሟ፣ ሽንቷ፣ ጥርሷ፣ የመስማት ችሎታዋ ተለክቷል። ሁለት ጊዜ ቤት ቀይረን ሁለቱንም ጊዜ ፈልጋችሁ አግኝታችሁናል። በዚህ ትጋታችሁ እኮራ ነበር፤ ለጎረቤት ሳይቀር አወራው ነበር።

አምስት ዓመት ሲሆናት ዓይኗ ተለካ። የለካቻት ባለሙያ ትሁት ወጣት ነበረች። ማንበብ ላልጀመሩ ልጆች የሚሆነውን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ የምልክቶቹ እግር ወዴት እንደዞረ በጣቷ እንድታሳይ ነገረቻት። ልጄ ግራ ዓይኗን ሸፍና በቀኟ ስታይ ነገሩ ጨዋታ ሆነላት። ቀኟን ሸፍና በግራዋ ስትሞክር ግን አንገቷን እያዘነበለች በጣቶቿ መሃል ማጮለቅ ጀመረች። «አትስረቂ እንጂ!» አለቻት ባለሙያዋ። ሦስታችንም ሳቅን። ልጄ ግን እየሰረቀች አልነበረም፤ ማየት አቅቷት ነበር። ባለሙያዋ ያገኘችውን በታማኝነት መዘገበች፤ በቀጠሮ ካርዳችን ጀርባ ላይ ሳይቀር በእስክሪብቶ «ቀ 6/9፣ ግ 6/36» ብላ አሰፈረች። ከዚያ ለልጄ እርሳስ ሸለመቻትና «ጎበዝ!» ብላ ሸኘችን።

እኔ ያንን ቁጥር ማንበብ አላውቅም ነበር። ካርዱ ስምንት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጠ።

በ13 ዓመቷ ቀኝ ዓይኗ ቆስሎ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ የታመመውን ሸፍኖ በሌላኛው እንድታነብ ቢጠይቃት ከላይኞቹ ሁለት መስመሮች በታች መውረድ አልቻለችም። «የዚህች ልጅ ዓይን ተለክቶ አያውቅም?» አለኝ። ምን ልበለው? ከልጆች ሁሉ በላይ የተለካች ልጅ ናት። ማታ መሳቢያውን በርብሬ ካርዱን አገኘሁት። በማግሥቱ ሳሳየው ሐኪሙ ካርዱን ገልብጦ ቀኑን ተመለከተ፣ መልሶ ቁጥሩን ተመለከተ፣ ምንም ሳይል መለሰልኝ። ጤናማ ዓይን ከ36 ሜትር ላይ የሚለየውን ልጄ በግራ ዓይኗ የምትለየው 6 ሜትር ድረስ ቀርባ እንደሆነ ያስረዳኝ በኋላ ነው። በሽታው አምብሊዮፒያ ይባላል። ዓይኑ ላይ ቁስልም ሞራም ላይኖር ይችላል፤ አንጎል ግን ከዚያ ዓይን የሚመጣውን ምስል ችላ ማለትን ይለምዳል። ሕክምናውም መነጽር ማድረግና ደህናውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኖ ደካማውን ማሠራት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ሲጀመር ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት ይገኝበታል፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ተስፋው እየሳሳ ይሄዳል። ልጄ የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው። ለወራት ዓይኗን ሸፍና ትምህርት ቤት ተመላለሰች፣ በእኩዮቿ ፊት ተሳቀቀች፤ የተገኘው ለውጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እናንተ በአምስት ዓመቷ ታውቁ ነበር።

አሁን ወደ ማብራሪያው ልመለስ። ቢሮአችሁ ቀርቤ የልጄን መዝገብ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «መረጃው ስም አልባ ስለሆነ የአንድን ተሳታፊ ውጤት ነጥለን ማውጣት አንችልም» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፤ ይህን እርስዎ ራስዎ ያምኑበታል? የክትትል ጥናት ማለት እኮ የአምስት ዓመቱን ልኬት ከአሥር ዓመቱ፣ የአሥሩን ከአሥራ አምስቱ ጋር በዚያው በአንድ ልጅ ላይ ማገናኘት ነው። ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያያይዝ መዝገብ አንድ ቦታ ተቆልፎ ባይቀመጥ ኖሮ ቀጣዩ ዙር የማንን በር ያንኳኳ ነበር? ስም አልባ መሆንና ስምን በቁጥር መሸፈን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ደሟን ስትፈልጉ ልጄ ስም አላት፣ አድራሻ አላት፣ በልደቷ ቀን የመልካም ምኞት ካርድ ይደርሳታል። መልስ ስትፈልግ ቁጥር ትሆናለች።

«ጥናት ሕክምና አይደለም» የሚል ሁለተኛ መልስም ነበር። ልክ ነው፤ አይደለም። በየዙሩ መድኃኒት አድሉ ያላችሁ የለም። ተመራማሪው በመሃል ከገባ የሚከታተለው ነገር መልኩን ይለውጣል የሚለውን ክርክርም ሰምቻለሁ። ለአንዲት እናት «የልጅሽን ግራ ዓይን ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው» ብሎ መናገር የትኛውን ግኝት ነው የሚያበላሸው? በ1964 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወጥቶ በየጊዜው የተሻሻለው፣ ቅጻችሁም ግርጌ ላይ የጠቀሰው፣ በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ አዲስ እውቀት የማግኘት ዓላማ ከተሳታፊው መብትና ጥቅም ሊቀድም እንደማይችል ይደነግጋል። በአሜሪካ ቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የነበረባቸው ጥቁር ወንዶች፣ ፔኒሲሊን እንደ ልብ መገኘት ከጀመረ በኋላም እንኳ ለጥናት ሲባል በሽታቸው ሳይነገራቸውና ሳይታከሙ በየጊዜው እየተመረመሩ ኖረዋል። እናንተ እነዚያ ተመራማሪዎች ናችሁ አላልኩም። እዚያ የነበረው ማታለል ነው፤ እዚህ ያለው ግዴለሽነት ነው። ለልጄ ግራ ዓይን ግን የልዩነቱ ጥቅም ብዙም አልታየኝም።

የምርምር ጠላት አድርገው እንዳያዩኝ። እንዲህ ያለ ጥናት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በእነዚህ አራት ዓመታት ከማንም በላይ አንብቤአለሁ፤ ጊዜው ነበረኝ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነበርና። በብሪታንያ በመጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተወለዱት 5,362 ሕፃናት ተመርጠው እስከ እርጅናቸው ተከታትለዋቸዋል። በብራዚሏ ፔሎታስ በ1982 የተወለዱትን 30 ዓመት ጠብቀው፣ ጡት የጠቡበት ርዝመት ከአዋቂነት የማሰብ ችሎታቸው ጋር ያለውን ዝምድና መርምረዋል። በኒው ዚላንዷ ደኒደን ደግሞ በ1972 እና በ1973 ከተወለዱት 1,037 ልጆች መካከል በሕይወት ካሉት 94 በመቶው በ45 ዓመታቸው ሊመረመሩ ተመልሰዋል፤ ባሕር ማዶ ያሉትን የጉዞ ወጪያቸውን ሸፍነው ነው የሚያመጧቸው። ይህ ሁሉ ሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ሳይሰለች የተመለሰው የምስጋና ካርድ ስለደረሰው ብቻ አይመስለኝም።

በተቃራኒው በአሜሪካ 100,000 ልጆችን ለመከታተል ታቅዶ የነበረው የልጆች ጥናት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈሰሰበት በኋላ በ2014 ተዘጋ። በብሪታንያም 80,000 ሕፃናትን ይከታተላል ተብሎ በ2015 መመዝገብ የጀመረው ጥናት የሚመዘገብ እናት ጠፍቶ በዚያው ዓመት ቆመ። የእናንተም የመጨረሻ ሪፖርት «የተሳታፊዎች ቁጥር እየቀነሰ ነው» ብሎ፣ ምክንያቱ የቤት መቀየርና የጉርምስና መሰልቸት ነው ይላል። በሚያምር ወረቀት ታትሞ ቤቴ ድረስ ስለመጣልኝ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። በቀለማት ያሸበረቀ የዓይን ጤና ሠንጠረዥም አለበት። ከዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አንዷ ነጥብ የኔ ልጅ ናት፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ለቁጥሩ መቀነስ ሦስተኛ ምክንያት ካስፈለጋችሁ እኔ ጋር አለ።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ልጄ በ14 ዓመቷ ብቻዋን ክፍል ገብታ ስለ ስሜቷ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ እኔም ጭምር ተጠይቃለች። የመለሰችውን ንገሩኝ ብዬ አላውቅም፤ ወደፊትም አልልም። ያ የእሷ ነው። የሁለተኛው ቀጠሮዬ ዕለት አንድ ሠራተኛችሁ ይህንን ምስጢርና የዓይን ልኬትን አንድ ላይ ጠቅልሎ «የተሳታፊን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ከማን ነው የምትጠብቁት? ከራሷ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሊታከም የሚችል ነገር ሲገኝ ለቤተሰቡ ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ቋንቋ እንደሚናገር በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የጥናትና ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴያችሁም ስለምን እስካሁን ዝም እንዳለ ይጠየቅ። ከልጄ ጋር በዚያ ዙር የተለኩ ሌሎች ልጆች አሉ፤ ከእነሱ መካከል ስንቱ ጋር እንዲህ ያለ ካርድ መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠ ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። የልጄም ሙሉ መዝገብ ይሰጣት። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ።

ምክንያቱም በሚቀጥለው ወር 18 ዓመት ይሞላታል። በእርግዝናዬ ጊዜ የፈረምኩት ፊርማ ከዚያ በኋላ አያገለግልም፤ ሕጉን ስለምታውቁ ቡድናችሁ አዲስ የስምምነት ቅጽ ይዞ እንደሚመጣ ከወዲሁ በስልክ ነግሮናል። በዚያ ጥሪም ስሟን በትክክል ነው የጠሩት። እኔ ፈርሚም አትፈርሚም አልላትም። ቅጹን በደንብ እንደምታነበው ግን አውቃለሁ። በቀኝ ዓይኗ።

ከሰላምታ ጋር፤
የአንዲት ተሳታፊ እናት
(ስሜንም ቁጥሯንም ከመዝገባችሁ ታገኙታላችሁ)