እትዬ፣ አላበድሽም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፦

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ጭንቅላቴ ከዳኝ፤ የጎረቤቴ ስም እንኳ ጠፋኝ» ብለሽ ያለቀስሽው ከሆዴ አልወጣ አለ። ሌሊት በላብ ተነክረሽ መንቃትሽ፣ ጀበናውን እሳት ላይ ረስተሽ መውጣትሽ... ልጆቹ ሲገቡ ወሬውን አቋረጥሽው። መንገደኛ ስላገኘሁ እጽፍልሻለሁ።

እትዬ፣ አላበድሽም። እያረጥሽ ነው። 51 ዓመትሽ ነው፤ እዚህም ብዙ ሴት የሚያርጠው በዚሁ ዕድሜ ነው። እኛ ማረጥን የማህፀን ጉዳይ ብቻ አድርገን ነው ያደግነው። ለካ አንጎልንም ይነካል! ኤስትሮጅን የሚሉት ሆርሞን አንጎል ስኳርን እንደ ማገዶ እንዲጠቀም ያግዘዋል። ሆርሞኑ ሲዋዥቅና ሲቀንስ ሐሳብ ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ኒውዮርክ የምትሠራው ተመራማሪ ሊሳ ሞስኮኒና ባልደረቦቿ ያላረጡ፣ በማረጥ ላይ ያሉና ያረጡ ሴቶችን አንጎል በምስል አነጻጽረው በፈረንጆቹ 2021 ጽፈዋል። ለውጡ በምስሉ ይታያል። እኔን ያጽናናኝ ግን ካረጡ በኋላ አንዳንዱ ነገር መልሶ ሲያገግም ማየታቸው ነው።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ መሆኑን ታውቂያለሽ። እዚህ አገር አልዛይመር የሚሉት የመርሳት በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። በየቀኑ አብሬያቸው ነኝ። ጀበና እሳት ላይ መርሳትና ጀበና ምን እንደሆነ መርሳት በጣም ይለያያሉ።

ምን ልብላ ብለሽኝ ነበር። ቺካጎ ራሽ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለአንጎል ብለው ያወጡት «ማይንድ» የሚባል አመጋገብ አለ። ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ ዓሣ ይበዛል፤ ቅቤ፣ ቀይ ሥጋና ጣፋጭ ይቀንሳል። ሳነበው የእማዬ የጾም ገበታ ነው ፊቴ የመጣው። እውነቱን ልንገርሽ፦ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሦስት ዓመት ተሞክሮ በ2023 ውጤቱ ሲወጣ፣ በማስታወስ አመጋገቡን ካልተከተሉት ይህን ያህል አልተለዩም። ምግቡ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ የማስታወሻ ኪኒን ብሎ ለሚሸጥልሽ ብርሽን እንዳትሰጪ። ጎመኑንና ተልባውን ግን አትተዪ፤ ለልብና ለደም ሥር ይበጃል፣ አንጎልም የሚኖረው በደም ነው። የሻይሽን ስኳር ቀንሺ። የሚረጋውንም ዘይት።

ደግሞ አደራሽን፣ ተመርመሪ። ሁዳዴን ስትጾሚ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ ከእነሱ የሚገኘው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ሲያንስም ሰው ይረሳል። ደም ማነስ፣ ታይሮይድ የሚሉት የአንገት ዕጢና ግፊትም ይታይልሽ። «ማረጥ ነው» ብለሽ በግልጽ ለሐኪሟ ንገሪያት፤ የሆርሞን ሕክምና ይስማማሽ እንደሆነም ጠይቂያት፣ ለሁሉም ሴት አይሆንምና። ለምርመራው የሚበቃ ልኬልሻለሁ።

እማዬ ሌሊት በሩን ከፍታ ደጅ፣ ብርድ ላይ ትቀመጥ የነበረው ትዝ ይልሻል? ያኔ 50 ዓመቷ ነበር። ነጭናጫ ሆነች ብለን ሸሸናት። እሷም ምን እንደሆነች አላወቀችም፤ የነገራት የለማ። ሰሞኑን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ እሱ እየመጣብኝ አለቅሳለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለትልቋ ልጅሽ አስነብቢያት። ሌሊት ስትነቂ አብራሽ ትቀመጥ።

ታናሽሽ