ባልዲው ሞቀ፦ የሥነ ሥዕል ክበባችን የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

በሰኔው የወላጆች ቀን አንድ አባት ክበባችን ሥራውን ያቀረበበትን ክፍል ሁለት ጊዜ ዞረው ካዩ በኋላ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ሃያ ሁለት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ሥዕሉ ዘጠኝ ብቻ ነው?» አሉኝ። በትሕትና ነው የጠየቁኝ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ልመልስላቸው ስጀምር ሌላ ወላጅ መጣና ወጋችን ተቋረጠ። ስለዚህ ይህ ዘገባ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ብቻ ሳይሆን ለእሳቸውም ነው። ዓመቱ ያለቀው ከሥዕሎቹ ሥር ባለው ነጭ ነገር ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእኔ ስሕተት ነው። በጥቅምት ወር ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዱ ሁለት ሣጥን የዘይት ቀለም ላከልን። እስከዚያ ድረስ ክበባችን የሚያውቀው እርሳስና የውኃ ቀለም ነበርና የልጆቹ ደስታ ልክ አልነበረውም። የተዘጋጀ ሸራ ዋጋው አይቀመስም። እኔም «አቡጀዲ ምን ይጎድለዋል?» ብዬ ሦስት ሜትር ገዛሁ። ለምነን ባገኘነው ጣውላ ላይ ወጥረን በትናንሽ ሚስማር መታነውና ያለ አንዳች ዝግጅት መቀባት ጀመርን። በሳምንቱ ስንመለስ በእያንዳንዱ ቀለም ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ወጥቷል፤ ወጥ የፈሰሰበት ነጠላ ይመስል ነበር። ቀለሙም ብርሃኑ ጠፍቶ አመድ ለብሷል።

የዘይት ቀለም ማለት በተልባ ዘይት የተለወሰ የቀለም ዱቄት ነው። ያ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይጠነክራል እንጂ። አቡጀዲው ዘይቱን ሲጠጣበት ቀለሙ የሚያያዝበት ያጣል። ጨርቁ የጠጣው ዘይት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ክሩን አድርቆ ያሰባብረዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጨርቁ ሙጫ ይጠጣል፣ በሙጫው ላይ ነጭ መደብ (ቀለሙ የሚያርፍበት ሽፋን) ይቀባል፣ ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበትም አልፌአለሁ። ስጦታ ሲመጣ ግን ሰው ይቸኩላል።

ነጩ መደብ በሠዓሊዎች ዘንድ ስሙ ጀሶ ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ሳቁ። በእኛ ዘንድ ጀሶ ሲባል ትዝ የሚለው የሳሎን ጣሪያ ወይም የተሰበረ እግር ነውና። ቃሉ ግን ያው አንድ የጣልያን ቃል ነው፤ ግንበኛውም ሐኪሙም ሠዓሊውም የሚሉት ያንኑ ነጭ ድንጋይ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «እንግዲያው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አይገዛም?» አለች። ጥሩ ጥያቄ መሰለኝ። አምስት ኪሎ ገዛን።

የሆነውን እንዳለ ልጻፈው። ከጽዳት ሠራተኛችን ከእትዬ ባልዲ ተዋስን። ጀሶውን ጨምረን ጥቂት ውኃ አፈሰስንበትና ሁለት ልጆች በእንጨት ማማሰል ጀመሩ። እኔ ስለ ሙጫው በሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ነበር። አንደኛው ልጅ «መምህር፣ ባልዲው ሞቀ!» ብሎ ጮኸ። ዞሬ መዳፌን ሳሳርፍበት እውነትም ሞቋል፤ ሻይ እንደያዘ ብርጭቆ ነው። እንጨቱን ለማውጣት ስንታገል ባልዲው ተከትሎን ተነሣ። እትዬ መጥተው አዩና «እኔ ባልዲ ነው ያዋስኳችሁ፤ እናንተ የምትመልሱልኝ ሐውልት ነው?» አሉ። በነጋታው አዲስ ባልዲ ገዛሁላቸው።

የኬሚስትሪ መምህራችን የሆነውን በእረፍት ሰዓት አስረዱን። የጀሶ ድንጋይ በእሳት ሲጠበስ በውስጡ ካለው ውኃ ሦስት አራተኛው ይወጣል። ዱቄቱ እንደገና ውኃ ሲያገኝ ያጣውን ይመልሳል፤ ሲመልስም ይሞቃል። በዚያው ቅጽበት መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች እያደጉ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ጀሶ «ያዘ» የምንለው ይህን ነው። ለጣሪያና ለእግር የሚፈለገው መያዙ ነው። ለሥዕል ግን የያዘ ጀሶ ዋጋ የለውም። ከ600 ዓመት በፊት የነበሩት የጣልያን ሠዓሊዎች መላ አበጅተውለት ነበር፤ ጥቂት ጀሶ በብዙ ውኃ ውስጥ ጨምረው ቢያንስ አንድ ወር በየቀኑ ያማስሉታል። መርፌዎቹ መጠላለፊያ ጊዜ ያጡና የላመ፣ የሞተ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

እኛም ይህንኑ አደረግን። ታኅሣሥ 1 ቀን ጀመርን፤ የተረኞች ዝርዝር በሩ ላይ ተለጠፈ። እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ሳምንት የሚሰለቹ መስሎኝ ነበር። አልሰለቹም፤ እንዲያውም ተራ መሰራረቅ ተጀመረ። በገና ዕረፍት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የሌሊት ጥበቃችን አባባ ኃላፊነቱን ወሰዱ፤ «ጠዋትና ማታ እንደ ጠላ ጥንስስ አየዋለሁ» አሉ፣ እንዳሉትም አደረጉ። ጥር 5 ቀን ስናወጣው እጅ ላይ እንደ እርጎ ይንሸራተታል፤ በጣት ቢፈተግ አንድም ሻካራ ነገር አይገኝበትም። በአሮጌ ነጠላ ጨምቀን እንደ ኩበት ጠፍጥፈን አደረቅነው።

ሙጫው ሌላ ጣጣ ነው። በውጭ አገር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የጥንቸል ቆዳ ሙጫ ነው። ከየት ይመጣል? ከአባላቱ የአንዱ አጎት ብራና ፋቂ ናቸው፤ ከፍየል ቆዳ ላይ የሚወጣውን ፍቅፋቂ ግማሽ ጆንያ ሞልተው በነጻ ሰጡን። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድረነው በማግሥቱ ድስት በድስት ላይ አድርገን አሞቅነው። ሙጫ ከፈላ ኃይሉን ያጣል፤ ከ60 ዲግሪ ብዙም ባያልፍ ይመረጣል። ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተዋስን። በዚያው አጋጣሚ ልጆቹ ውኃ ባሕር ዳር ላይ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ በዓይናቸው አዩ፤ ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና። ሙጫው መድረሱ የሚታወቀው ሲበርድ ነው። እንደ እግር ሾርባ ከረጋና ሲነኩት ከተንቀጠቀጠ ለመደብ ይሆናል፤ እንደ ጎማ ከጠነከረ ውኃ ይጨመርበታል።

ይህን ያደረግነው በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። ሽታው ልክ የሥጋ መረቅ ነው። መምህራን ማረፊያ ደግሞ ከክፍላችን ቀጥሎ ነው። ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ አሁንም በጽሑፍ እደግመዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ሙጫውን አበላሸውና ሽታው መረቅ መሆኑ ቀረ። ስለዚያ ባልጽፍ ይሻላል። ከዚያ ወዲህ የምናበስለው ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ስድስት ሰሌዳ አድርገን ቆርጠን ሙጫ አጠጣነው፤ ሲደርቅ በሞቀ ሙጫ የተበጠበጠውን ጀሶ አስከተልን። ውሕዱ እንደ አጥሚት መቅጠን አለበት። የመጀመሪያውን እጅ በመዳፍ ማሸት እንጂ በብሩሽ መቀባት አይገባም፤ አየር ከተደበቀበት ሲደርቅ መርፌ የወጋው ይመስላል። ከዚያ በኋላ አንዱን እጅ ወደ ቁመቱ፣ ቀጣዩን ወደ ወርዱ እያደረግን ስምንት እጅ ቀባን። በማግሥቱ ክፍሉን ስከፍት ሰሌዳዎቹ በሙሉ እንደ ጣና ታንኳ ጎብጠዋል። ሙጫ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ እኛ የቀባነው አንዱን ፊት ብቻ ነበር። ጀርባቸውንም ቀባን፤ ከስድስቱ አራቱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ሁለቱንም ፊት እንቀባለን።

በብርጭቆ ወረቀት ከፈተግነው በኋላ የነበረውን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ፣ በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል አንዲት ሰሌዳ ሲፈትግ ቆየ። ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገና ጉንጩን አስደግፎባት ዓይኑን ጨፈነ። «እንቁላል ነው» አለ። ሌሎቹም ተሰልፈው ጉንጫቸውን አስደገፉ። እኔም አስደግፌአለሁ።

ሙጫውን ከማብሰላችን በፊት በየካቲት ወር ዘጌ ሄደን ነበር። መጀመሪያ ያሰብነው በጣና ደሴት ላይ ያለውን የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ የተጻፈበት የእንጨት ሥዕል ያለው በዚያ ነው። ዳጋ ግን ሴት አይገባም፤ ከሃያ ሁለቱ አባላት አሥራ አንዱ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ዘጌ ወደሚገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄድን። የመቅደሱን ዙሪያ ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች በቀጥታ በጭቃው ላይ የተሣሉ አይደሉም፤ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ሥዕሉን ሁሉም አየ፤ እኛ ግን ጠርዝ ጠርዙን ነበር የምናየው። አንዲት ልጅ ጨርቁ ትንሽ የተላቀቀበትን ቦታ አገኘችና ጠራችን፤ ክሩ ይታያል፣ ከሥሩ የገለባው ጭቃ አለ። ያስጎበኙን አባት «ልጆቼ፣ ሰው የቅዱሳኑን ፊት ያያል፤ እናንተ ጀርባቸውን?» ብለው ሣቁብን።

ለጨርቅ የሚሆነውን መደብ በመጨረሻ አገኘነው፤ ነገር ግን አልረካሁበትም። በሙጫ ብቻ የተያዘ ጀሶ ለእንጨት እንጂ ለጨርቅ አይሆንም፤ ጨርቅ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሙጫውን ግማሽ የሚያህል የተልባ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረግን እያማሰልን አዋሐድነው። መተጣጠፍ ቻለ፤ ከጊዜ ጋር ቢጫ መሆኑ ግን አይቀርም፤ ለመድረቅም ሳምንታት ይፈልጋል። አራት ሸራ ሠራንና ተውነው። በነገራችን ላይ የተልባ ዘይት የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉ፤ እየደረቀ ይሞቅና ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ሥዕል የጀመርነው በግንቦት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰሌዳዎች ዘይቱን ቶሎ መጠጡት፤ ቀለሙ ደበዘዘ። ከዚያ በኋላ ላዩን አንድ እጅ ቀጭን ሙጫ እያጠጣን ሠራን። ያው ከሣጥኑ የወጣው ሰማያዊ በአቡጀዲው ላይ አመድ እንዳልነበረ፣ በነጩ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ መብራት የተለኮሰበት መሰለ። በኤግዚቢሽኑ ላይ ያንን የተበላሸ አቡጀዲ ከዘጠኙ ጎን የሰቀልነው ለዚህ ነው፤ ብዙ ወላጅ በስሕተት የተሰቀለ መስሎት አለፈው። ሦስቱ ሥዕሎች ገና አልደረቁም ነበር፤ «አትንኩ» የሚለው ወረቀት ለጌጥ አልተለጠፈም።

ለሚቀጥለው ዓመት ክበቡን ለሚረከበው መምህር፦ ታኅሣሥ 1 ቀን ከጀመርነው ጀሶ ሁለት ኪሎ ያህል ሳናደርቀው አስቀርተናል፤ በዕቃ ክፍሉ በስተግራ በኩል ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ነው። ውኃው ከጀሶው በላይ አራት ጣት መቆም አለበት። ቁልፉ አባባ ዘንድ ነው።