ናጅማማን አብራችሁን ለሸኛችሁ ሁሉ

ለምናከብራችሁ ወዳጆቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና የዕድራችን አባላት፤

የባለቤቴን አያት ከቀበርን ዛሬ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ለቀስተኛው ተበትኗል፣ ወንበሮቹ ተመልሰዋል፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ትንሽ እስክንረጋጋ ልቆይ ብዬ ነበር። ግን ምስጋና ሲዘገይ ምን እንደሚያደርግ ከእሷው ነው የተማርኩት። ለዚህ ነው ዛሬውኑ የምጽፈው።

ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለእኛ ብላችሁ ነው። እሷን አታውቋትም ነበር። "ለመሆኑ ማን ነበሩ?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እዚያ ለቅሶ መሃል የረባ መልስ አልሰጠኋችሁም። አሁን ልንገራችሁ።

ሃንጋሪያዊት ነበረች። እቤት ሁላችንም ናጅማማ ነው የምንላት። በሃንጋሪኛ አያት ማለት ነው። "እሷ" እያልኩ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ሃንጋሪኛም እንደ አማርኛ አንቺና እርስዎ አለው። እኔም የለመድኳትን ጥቂት ሃንጋሪኛ በእርስዎ ነበር የማወራት። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን እጄን ያዘችና "ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በይኝ፣ እኔ እንግዳሽ አይደለሁም" አለችኝ። በእነሱ ባህል ይህን መፍቀድ ያለበት ታላቅ የሆነው ሰው ነው። እናቴን አንቺ እንደምላት ሁሉ እሷንም አንቺ እያልኩ ኖርኩ።

ሃንጋሪኛ ግን እሱና እሷ ብሎ አይለይም። ለሁለቱም ያለው አንድ ቃል ነው። ስለዚህ አሜሪካ ስልሳ ምናምን ዓመት ኖራም በእንግሊዝኛ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ታደርግ ነበር። ባለቤቴ ሊያስተዋውቀኝ መጀመሪያ ቤቷ የወሰደኝ ዕለት በሩን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ "በልቷል?" አለችው። ስሜን ሳትጠይቅ፣ ከየት እንደመጣሁ ሳትጠይቅ። የእኔ እናት ብትሆንም ከዚህ ሌላ አትጠይቅም ነበር።

ያን ቀን ያበላችን ፓፕሪካሽ ቺርኬ የሚባለውን ዶሮ ነው። ቆሜ ስትሠራ አየኋት። ብዙ ሽንኩርት ከተፈች፣ ቀስ ብላ አበሰለች። በኋላ ድስቱን ከእሳት አወረደችና ቀይ ፓፕሪካ ጨመረችበት። ለምን እንዳወረደችው ስጠይቃት "ፓፕሪካ ስኳር አለው፣ እሳት ላይ እያለ ካደረግሽው ያርና ይመራል" አለችኝ። እኔ ደግሞ እኛ በርበሬውን ከሽንኩርቱ ጋር ምን ያህል እንደምናቁላላው ነገርኳት። አላመነችኝም። በሳምንቱ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ሄድኩ። አንድ ጉርሻ ቀመሰች፣ ውሃ ጠጣች፣ ሁለተኛ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ በርበሬ በመጣልኝ ቁጥር የእሷ ድርሻ በማሰሮ ይቀመጥላት ነበር።

ሬሳ ሳጥኑ ላይ የነበረው ባንዲራ መሃሉ ለምን እንደተቀደደም ጠይቃችሁኛል። አርጅቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ሃንጋሪያውያን በመንግሥታቸውና በሶቪየት ጦር ላይ ሲነሱ ከባንዲራቸው መሃል የኮሚኒስቱን ዓርማ በመቀስ ቆርጠው አወጡት። ቀዳዳው ራሱ ምልክት ሆነ። ናጅማማ ያን ጊዜ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። የምትኖረው ኦስትሪያ ድንበር አጠገብ ባለች ሞሾንማጃሮቫር በምትባል ከተማ ነው። አመፁ ቡዳፔስት ላይ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 26፣ በዚያች ከተማ የድንበር ጠባቂዎች ካምፕ ፊት ለፊት ባዶ እጁን በወጣ ሕዝብ ላይ ተተኮሰ። በርካታ ሰው አለቀ። አብራት የተማረች ጓደኛዋ እዚያ ቀረች። ስለዚያ ቀን ስታወራ የሰማኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አባቴ ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ።

ኅዳር 4 ቀን የሶቪየት ታንኮች ተመልሰው ቡዳፔስት ገቡ። ሰው መሰደድ ጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ 200,000 ያህል ሃንጋሪያውያን አገራቸውን ጥለው ወጡ። ወደ 70,000 የሚሆኑት ያለፉት አንዳው በምትባል የኦስትሪያ መንደር አጠገብ ባለች ትንሽ የእንጨት ድልድይ ነው። ናጅማማና ታላቅ ወንድሟ ከእነሱ መሃል ነበሩ። ሸምበቆ በሞላው ረግረግ ሌሊቱን ሙሉ ሄዱ። የተሻገሩት ኅዳር 19 ንጋት ላይ ነው። ዕለቱ በእነሱ አገር የቅድስት ኤልሳቤጥ ቀን ነው። የእናቷም የስም ቀን ነበር። በሃንጋሪ የስም ቀን እንደ ልደት ይከበራል። "እናቴ በስሟ ቀን ኬክ በመጋገር ፈንታ እኛን ሸኘች" ትል ነበር። እናቷን ከዚያ በኋላ በዓይኗ አላየቻትም።

በሁለተኛው ቀን ማለትም ኅዳር 21 የሶቪየት ወታደሮች ድልድዩን አፈነዱት። አንድ ጊዜ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየርኩት። ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። ይህን ስነግራት ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ትደውልልኝና "ዛሬ ሚካኤላችሁ ነው፣ ሻማ አብርቻለሁ" ትለኝ ነበር።

አሁን ስለ ምስጋናው። ድልድዩን ተሻግረው መንደሯ ሲደርሱ እግሯ በውርጭ ደንዝዞ ነበር። አንዲት የአንዳው ሴት ቤቷ አስገባቻት። የራሰ ጫማዋን አወለቀችላት፣ እግሯን በሽርጧ አደረቀችላት፣ ከራሷ እግር የሱፍ ካልሲዋን አውልቃ አጠለቀችላት። ትኩስ ወተት ሰጠቻት። ናጅማማ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ሲነጋ ስደተኞቹን ወደ ካምፕ የሚወስድ መኪና መጣና በጥድፊያ ተጫነች። ስሟን አልጠየቀቻትም። "አመሰግናለሁ" አላለቻትም።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከልጇ ጋር ወደዚያች መንደር ተመልሳ ነበር። ድልድዩ እንደገና ተሠርቷል። ቤቱን ግን ማግኘት አልቻለችም። "ሰው ደግ ሲሠራልሽ እዚያው በሩ ላይ አመስግኚ" የምትለው ከዚህ የተነሳ ነው። ያን ካልሲ ግን በሌላ መንገድ ስትመልስ ኖረች። ክረምት በመጣ ቁጥር የሱፍ ካልሲ ትሠራለች። ከእናንተ መሃል እዚህ ከተማ ልጅ የወለዳችሁ፣ ለአራስ ጥየቃ ስንመጣ ያመጣንላችሁ ትንሽ የሱፍ ካልሲ ካለ፣ እሷ ናት የሠራችው። ብዙዎቻችሁ ሳታውቋት የእጇ ሥራ ቤታችሁ ገብቷል።

ወደ አሜሪካ የመጣችው በ1957 መጀመሪያ ላይ ነው። እንደ አብዛኞቹ የሃንጋሪ ስደተኞች በኒው ጀርሲው ካምፕ ኪልመር በኩል አልፋለች። ከዚያ ክሊቭላንድ። ያን ጊዜ ባካይ ጎዳና የሃንጋሪ ሰፈር ነበር። ዳቦ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጫማ ሰፊው በሃንጋሪኛ ነው የሚያስተናግደው። ያገባችው እዚያው ሰፈር ባለው የቅድስት ኤልሳቤጥ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1892 የተመሠረተ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሃንጋሪ ካቶሊኮች ደብር ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የወንድ ኮት እጅጌ ስትገጥም 26 ዓመት ሠራች። ሦስት ልጆች አሳደገች። ባሏን በጊዜ ቀበረች።

አባቴ ከአዲስ አበባ የመጣ ጊዜ እንዴት ይግባባሉ ብዬ ጨንቆኝ ነበር። እሱ እንግሊዝኛው ጥቂት ነው፣ እሷም ያው ነች። ሃንጋሪያዊት መሆኗን ሲሰማ ግን አባቴ ብድግ ብሎ "ፑሽካሽ!" አለ። ስመ ጥሩ የሃንጋሪ እግር ኳስ ተጫዋች ነው። እሷ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። በቃ። ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን 6 ለ 3 ያሸነፉበትን ጨዋታ በጣታቸው ቁጥር እያሳዩ ተጫወቱት። በኋላ ወሬው ወደ 1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ሄደ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችበት ነው። የሃንጋሪ የውሃ ፖሎ ቡድንም ሶቪየቶችን 4 ለ 0 የረታው እዚያው ነው። እሷ ያን ወሬ የሰማችው ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሆና ነው። ሰው ሁሉ አልጋ ላይ ወጥቶ እየዘለለ አለቀሰ አለችን። ከዚያ አባቴ በቀይ ሽብር ስላጣው ወንድሙ ነገራት። እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። እሷም ስለ ጓደኛዋ የነገረችን ያኔ ነው። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ ደጅ የሚሰማ ሰው ያለ ይመስል። አባቴ ለቅሶ ሊደርስ አልቻለም፣ ዕድሜው አይፈቅድለትም። በስልክ ግን አብሮን አልቅሷል።

የመጨረሻዎቹ አራት ወራት ከባድ ነበሩ። መርሳቱ እየጨመረ ሲሄድ መጀመሪያ የጠፋት እንግሊዝኛው ነው። አንድ ጠዋት ሃንጋሪኛ ብቻ ቀርቷት አገኘኋት። ባለቤቴ የልጅነት ሃንጋሪኛውን አራግፎ ይሞክራል፣ እኔም እሞክራለሁ፣ ቀን ቀን ግን ሥራ ላይ ነን። በተኛችበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንዲት እህታችንን ሳላመሰግን አላልፍም። ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች፣ አልጠራም። እዚያ የሌሊት ተረኛ ናት። ጎንደሬ ናት። ስለ ናጅማማ ስነግራት ወረቀት አወጣችና "በይ ንገሪኝ፣ ምን ምን ትላለች?" አለችኝ። በፊደላችን ጻፈችው። ቪዝ፣ ውሃ። ፋይ፣ ያመኛል። ሂደግ፣ በረደኝ። ኤሄሽ፣ ራበኝ። ወረቀቱን አልጋው ራስጌ ለጠፈችው። በሳምንቱ ስመለስ ሌሎቹ ተረኞች ያንኑ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጠው ከስሩ ጽፈውበታል። ናጅማማ ሌሊት ነቅታ "ሂደግ" ስትል ብርድ ልብስ የሚደርብላት ሰው አገኘች። ከአንዳው ሌሊት ጀምሮ በጣም የምትፈራው ብርድ ነበር። እህቴ፣ ይህን ያደረግሽው ደሞዝ ስለተከፈለሽ አይደለም። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ያረፈችው በየካቲት፣ በረዶው በከፋበት ሳምንት ነው። 87 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ እናንተ ያደረጋችሁት ነው እስካሁን እኛን የሚገርመን። ዕድሩ "የባልሽ አያት ለእኛም አያታችን ናቸው" ብሎ በሙሉ ቆመ። ሕጉ ይህን እንደማያስገድዳችሁ አውቃለሁ። ገና ሳይነጋ መግቢያችንን ከበረዶ የጠረጋችሁ ወንድሞች፣ የሰማሁት አካፋው አስፋልት ሲነካ ነው፤ ወጥቼ ሳላያችሁ ሄዳችሁ። ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ እንጀራ ተሸክማችሁ የመጣችሁ እናቶች። ከኮለምበስ ድረስ ነድታችሁ የመጣችሁ። ቡናውን ሦስት ቀን ከእጃችሁ ያላስቀመጣችሁ ልጆች። አንድ ቀን ሙሉ ልጆቼን ወስዳችሁ ያዋላችሁልኝ ጎረቤታችን። ከቤተ ክርስቲያናችን መጥታችሁ፣ ሥርዓቱ የሌላ ቢሆንም እስከ መቃብር የቆማችሁ አባቶች።

የሃንጋሪ ማኅበር አረጋውያንንም አመሰግናለሁ። ይህን ጽሑፍ ልጆቼ ይተረጉሙላቸዋል። ሰማንያ ያለፋቸው እናቶች በዚያ ብርድ ቆመው ዘመሩላት። ከቀብር በኋላ እነሱም እንደ እኛ አብሮ መብላት አላቸው፣ ቶር ይሉታል። አዳራሹ ውስጥ የእነሱ የተጠቀለለ ጎመንና የእናንተ ምስር ወጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንዲት አሮጊት እንጀራውን እያነሳች ለጎረቤቷ እንዴት እንደሚቆረስ ስታሳይ አየሁ። ናጅማማ ናት አሉ ያስተማረቻት።

ባለቤቴ አማርኛው ብዙ ስላልሆነ እኔ እንድነግራችሁ የፈለገው አንድ ነገር አለ። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት እግሯ ላይ የሱፍ ካልሲ አጥልቆላታል። ራሷ የሠራችውን። እናቱ ስታለቅስ ትከሻዋን ይዛችሁ ያልተዋችኋት ሴቶች ማን እንደሆናችሁ እስካሁን ይጠይቀኛል። ንገሩኝ፣ ስማችሁን ልንገረው።

የመጨረሻው ስለ ዕቃ ነው። ድስቶቻችሁና ትሪዎቻችሁ ታጥበው እኛ ጋ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነን፣ ቡናም ይፈላል፣ መጥታችሁ ውሰዱ። ባዶውን የሚመለስ ዕቃ የለም። እሷ ባሳየችኝ መንገድ ቤይግሊ ጋግሬያለሁ፣ በዋልነት የተሞላ ጥቅልል ነው። የጾመ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት የሆነ ዳቦ ለብቻ አለ።

ክዳኑ ሰማያዊ የሆነ ትልቅ ድስት ግን የማን እንደሆነ አላወቅንም። በመጀመሪያው ሌሊት በራፋችን ላይ ሽሮ ተሞልቶ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ አገኘነው። ገና ትኩስ ነበር። ባለቤቷ ይህን ካነበብሽ እባክሽ ደውይልን።