ክፍሉ ጭምር የሚሰማባቸው ቅጂዎች

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት ማለፋቸውን ሁለታችንም እናውቃለንና የዝምታውን ምክንያት በመዘርዘር ወረቀቱን አልሞላውም። ብዕር ያስነሣኝ በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅከኝና መልስ ሳያገኝ የቆየው ጥያቄ ነው፤ ከምወዳቸው ቅጂዎች መካከል ለሌላ ሙዚቃ ወዳድ የማካፍላቸውን በምን እንደምመርጥ ጠይቀኸኝ ነበር። ያን ጊዜ ብመልስልህ ኖሮ ረጅም ዝርዝር በላክሁልህ ነበር። ዛሬ ግን ለማንም ዝርዝር አልሰጥም። ሃምሳ አርእስት የተቀበለ ሰው አንዱንም በቅጡ ሳያዳምጥ እንደሚቀር፣ አንድ ሸክላ ከነምክንያቱ የተሰጠው ሰው ግን ወሩን ሙሉ ከእርሱ ጋር እንደሚከርም ደጋግሜ አይቻለሁ።

መምረጫዬ አንድ ብቻ ሆኗል። በቅጂው ውስጥ ከዜማው ሌላ ተጫዋቹ ራሱና የተቀመጠበት ክፍል ሊሰሙኝ ይገባል። ዜማውንማ ነገ ሌላ ባለሙያ ይጫወተዋል፤ ምናልባትም አሳምሮ ይጫወተዋል። ያ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ያሳለፈው ሰዓት ግን የሚገኘው በዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንፋሹ፣ የወንበሩ ሲጢጥታ፣ የአድማጩ ሳል ከተጠረገ በኋላ የሚቀረው ንጹሕ ድምፅ ለእኔ የጎደለ ነው።

ከካናዳዊው የፒያኖ ተጫዋች ከግሌን ጉልድ ልጀምር። ባኽ በ1741 ያሳተመውን፣ በአንድ ዜማና በ30 ልዋጮቹ የተዋቀረውን የጎልድበርግ ድርሰት ጉልድ በኒውዮርክ ከተማ ሁለት ጊዜ በስቱዲዮ ቀርጾታል (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ መጀመሪያ በ1955 ገና በ22 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ጊዜ በ1981። የመጀመሪያው ቅጂ 38 ደቂቃ ተኩል ያህል ሲወስድ ሁለተኛው ከ51 ደቂቃ ይበልጣል። ብዙ ሰው ልዩነቱን በወጣትነት ጥድፊያና በጉልምስና እርጋታ ብቻ ያስረዳዋል፤ ነገር ግን በ1955 ያልደገማቸውን አንዳንድ ክፍሎች በ1981 ደግሟቸዋልና ጊዜው የረዘመው በዝግታው ብቻ አይደለም። በሁለቱም ላይ ሰውዬው ከፒያኖው ጋር ሲያንጎራጉር ይሰማል። አባቱ እግሮቹን ቆርጦ ዝቅ ያደረገለትን አሮጌ ታጣፊ ወንበር ዕድሜውን ሙሉ አልተወውም ነበር፤ እርሱም አልፎ አልፎ ሲንቋቋ ይሰማል። ማንጎራጎሩ የሚያስመርራቸው አድማጮች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ጣቶቹ ከሚጫወቱት ሌላ ልቡ የሚከተለው ድምፅ የትኛው እንደሆነ የማውቀው በእርሱ ነው፤ በሁለት እጅ ከሚጫወተው ውስጥ የትኛውን መስመር እየዘመረ እንደሚያጅበው ተከታተልና ድርሰቱ እንደ አዲስ ይከፈትልሃል።

ሁለቱን የምሰጠው በአንድ ቀን አይደለም። አብዛኞቹ ጓደኞቻችን የ1981ዱን ያስቀድማሉ፤ የረጋና ለጀማሪ የሚመች ነው በማለት። እኔ የ1955ቱን አስቀድሜ ሰውዬው በሚገባ እስኪለምደው እጠብቃለሁ፤ ሁለተኛው ሲከፈት በመነሻው ዜማ ዝግታ የሚደነግጠው የፊተኛውን የሚያውቅ ጆሮ ብቻ ነውና። ጉልድ ሁለተኛው ቅጂ በታተመበት በ1982 በ50 ዓመቱ ማረፉንም አስቀድሜ አልናገርም። ያን ያወቀ ሰው በእያንዳንዱ ኖታ ውስጥ ስንብት መፈለግ ይጀምራል፤ ሙዚቃው ግን በየቦታው ብዙ ጨዋታና ቀልድ አለበት።

ሁለቱም የተቀረጹበት፣ ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ስቱዲዮ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ አዳራሽ ነበር። የጃዝ ጥሩንባ ነፊው የማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተቀረጸውም በ1959 በማርችና በኤፕሪል ወራት እዚያው ነው። ይህን የምነግርህ ለወሬ አይደለም፤ የዴቪስንና የጉልድን አልበሞች ተከታትለህ ስትሰማ የአዳራሹን ስፋት በአንደኛው ጥሩንባው ከተነፋ በኋላ በሚቀረው ድምፅ፣ በሌላኛው ግን ፒያኖው ተጠግቶ በመቀረጹ ምክንያት ሊሰማ ባለመቻሉ ትለየዋለህ። ዴቪስ ወደ ስቱዲዮው የገባው በዜማዎቹ ንድፍ ብቻ ነበር፤ አብረውት የተጫወቱት ጆን ኮልትሬን፣ ካነንቦል አደርሌይ፣ ቢል ኢቫንስና ሌሎቹም ቀድመው አልተለማመዱትም። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲከፈት ፒያኖውና ባሱ መንገዱን በጥንቃቄ ሲፈልጉ የሚሰማው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን አልበም ለሰው ስትሰጥ የትኛው እትም እንደሆነ ሳትጠይቅ አትስጥ። በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ዋናው የቴፕ መቅረጫ ከተገቢው ፍጥነት ዝግ ብሎ ይሽከረከር ስለነበር፣ ከዚያ ቴፕ የተገለበጠው የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ቃናው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይሰማል። ከሸክላው ጋር አብረው ሊጫወቱ የሞከሩ ሙዚቀኞች መሣሪያቸው ከቅኝት የወጣ ይመስላቸው ነበር። ነገሩ የታረመው በ1992 በትክክል ይሽከረከር ከነበረው የመጠባበቂያ ቴፕ በተዘጋጀው እትም ነው። እኔ የታረመውን እመርጣለሁ፤ አሮጌውን ፍጥነት ለምዶ ያደገ ሰው ግን አዲሱ ያንቀላፋ ይመስለዋል፤ በዚህ መከራከር ከንቱ ነው።

የእትም ነገር ከተነሣ ዘንዳ፣ የጉልድ የ1981 ቀረጻ በዲጂታል ሲሠራ ጎን ለጎን በአናሎግ ቴፕም ተቀርጾ ነበር፤ በ2002 ሁለቱን የጎልድበርግ ቅጂዎች አንድ ላይ ይዞ በወጣው እትም ውስጥ የ1981ዱ የተዘጋጀው ከዚያ ቴፕ ነው። የፒያኖው ድምፅ በእርሱ ላይ ለጆሮዬ ይበልጥ የሞላ ነው።

የአሜሪካዊውን ፒያኖ ተጫዋች የኪት ጃሬትን የኮሎኝ ኮንሰርት እንደምታውቀው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የምታውቀውም ቢሆን ስለ ፒያኖው እያሰብህ አንድ ጊዜ ስማው። በጃንዋሪ 24 ቀን 1975 ጃሬት ለብቻው ሊጫወት በጀርመን ወዳለው የኮሎኝ ኦፔራ ቤት ሲመጣ የጠበቀው የጠየቀው ቦዘንዶርፈር የተባለው ትልቅ ፒያኖ ሳይሆን፣ ላይኛው ድምፁ የሳሳ፣ ባሱ የደከመ፣ ፔዳሎቹም በአግባቡ የማይሠሩ ትንሽ ፒያኖ ነበር። አልጫወትም ብሎ ሊሄድ ሲል ዝግጅቱን ያሰናዳችው የ18 ዓመቷ ቬራ ብራንደስ ለምና መለሰችው፤ ዝግጅቱም የተጀመረው እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። እንግዲህ 26 ደቂቃ የሚፈጀውን የመጀመሪያውን ክፍል ስትሰማ እጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ለምን በመካከለኛው የፒያኖው ክፍል እንደሚቆዩ፣ ግራ እጁ አንድን ሐረግ ለምን እንደዚያ እየደጋገመ እንደሚመታ ይገባሃል፤ ባሱ ያልሰጠውን ክብደት በድግግሞሽ እየፈጠረው ነው። እግሩን ሲመታና ሲያቃስትም ይሰማል። ጥሩ ፒያኖ ቢቀርብለት ኖሮ ሌላ ሙዚቃ ይጫወት ነበር፤ የተሻለ ይሆን እንደነበር ግን እጠራጠራለሁ።

ከድሮዎቹ ቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ ከ1936 እስከ 1939 የቀረጻቸውን የባኽ የቼሎ ድርሰቶች ብቻ እጠቅሳለሁ። የአንድ ሸክላ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም በማያልፍበት ዘመን የተቀረጹ ስለሆኑ የመርፌው ሽውታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሯቸው አለ። ሽውታውን ጨርሰው ያጠፉ እትሞች አሉ፤ ደጋኑ በጅማቱ ላይ ሲፈተግ የሚሰማውንም ድምፅ አብረው አጥፍተውታልና ራቃቸው።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች አንተም እኔም በ2006 በወጣው ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 21ኛ አልበም አውቀናቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሰማህ ግን አላውቅም። በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ፣ በ2024 «ሱቬኒርስ» የተባለ አልበም ወጥቷል፤ በ1977 እና በ1985 መካከል እቤት ውስጥ ፒያኖ እየተጫወቱ በገዛ ድምፃቸው ዘምረው በካሴት ያስቀሩት ነው። ስቱዲዮ የለ፣ ባለሙያ የለ፤ ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ድምፅ ይሰማል። ዛሬ ለአዲስ ሰው አንድ ቅጂ ብቻ ስጥ ብባል የምሰጠው ይህን ነው። ፒያኖአቸውን የሚያውቅ ሰው ያ እንደ ልባቸው የሚፈጥንና የሚዘገየው አካሄድ ከየት እንደመጣ ድምፃቸውን ሲሰማ ይገባዋል፤ ለካ ጣቶቻቸው ትንፋሽ ይከተሉ ነበር። ድምፃቸው የሠለጠነ የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ እንዲሆንም አልሻም።

አሰጣጡን በተመለከተ ብዙ አልልም። አብረን የምናዳምጥ ሰዎች የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር ገጹ እስኪያልቅ ማንም እንዳይናገር ነው፤ በተለይ ያመጣው ሰው። «አሁን ስሙ፣ አሁን ትመጣለች» እያለ ጣቱን የሚቀስር ሰው፣ ልቡ ቅን ቢሆንም፣ የሌላውን ጆሮ ይቀማል። የተቀባዩንም ማጫወቻ መጠየቅ ደግ ነው፤ ከላይ የነገርሁህ ትንፋሽና ወንበር ሁሉ በስልክ ድምፅ ማውጫ አይሰማም፤ ተራ የጆሮ ማዳመጫ ግን ይበቃል።

አሁን ተራው ያንተ ነው። አንድ ቅጂ ላክልኝ፤ አንድ ብቻ። ማን እንደቀረጸውና የትኛው እትም እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ለምን እንደምትወደው ግን ሰምቼ እስክጽፍልህ ድረስ አትንገረኝ። የጉልድን ማንጎራጎር ትታገሠው እንደሆነም ንገረኝ፤ ካልቻልህ የምልክልህን ሌላ ቅጂ ከወዲሁ ላስብበት።

አክባሪ ወዳጅህ