ዛንዚባር ከመሄድህ በፊት ጨረቃዋን እያት

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይድ፣ ሐይቅ

እንዴት ከርመሃል? ዘሃራና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ጠፋሁብህ፣ አንተም ጠፋህብኝ፤ ተካክለናልና ወቀሳውን እንተወው። ዘሃራን ይዘህ የታንዛኒያ ደሴት ወደሆነችው ዛንዚባር ልትሄድ ማሰብህን ደሴ ካሉት ዘመዶችህ ሰማሁ። አብሽር፣ ሸጋ ሐሳብ ነው። ሆቴል መምረጥ ጀምሯል ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ሆቴል መጨረሻ ላይ ነው የሚመረጠው። መጀመሪያ ቀን ይቆረጣል፤ ቀኑን የሚቆርጡልህ ደግሞ ዝናብና ጨረቃ ናቸው።

ዝናቡ ይቅደም። እዚያ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ያን ሰሞን ዋጋ የሚረክሰው ለዚህ ነው፣ በርካታ ሆቴሎችም ይዘጋሉ። ትንሹ ዝናብ ኅዳርንና ታኅሣሥን ይይዛል። ሐምሌና ነሐሴ፣ እናንተ ዘንድ ጭቃው ሲበዛ፣ እነሱ ዘንድ ደረቅ ነው፤ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ ሙቀቱንም ያበርደዋል። ጥርና የካቲትም ደረቅ ናቸው፣ ሙቀቱ ግን ለደጋ ሰው ይከብዳል። ረመዳን የት እንደሚውል አይተህ ቁረጥ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ቀን አብዛኛው ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ አንተም እቤትህ ብትጾመው ይሻልሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደጃፍህ ያለው ሐይቅ ማታ የተውከው ቦታ ጠዋት ይጠብቅሃል፤ ባሕር ግን ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ግማሽ ስትሆን ወደ አንድ ሜትር ይወርዳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ የባሕሩ ወለል ለጥ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ውኃው ሲሸሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከኮራሉ ድንጋይ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሠሩት) ጋር ይቆማል። ፎቶ አይተው ሆቴል ይዘው «ባሕሩ የት ሄደ?» የሚሉት እዚህ ነው። በሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል፤ ሰው የሚበዛውና ዋጋ የሚወደደውም ለዚሁ ነው።

መፍትሔው ግድግዳህ ላይ ተሰቅሏል። የሂጅራውን ካሌንደር አውርድ፤ ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ ጨረቃዋን ይነግርሃል። ከወሩ 1 እና 15 ጀምሮ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ውኃው እጅግ ይርቃል፤ የሚሸሸውም ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ፣ ሰው ለመዋኘት በሚወጣበት ሰዓት ነው። ከ7 እስከ 10 እና ከ22 እስከ 25 ባለው ጊዜ ግን ሙላቱ ራሱ ረፋድ ላይ ይውላል፣ ሽሽቱም ትንሽ ነው። ዋና ለማያውቅ ሰው እነዚህን ቀናት እመርጣለሁ። ሴቶቹ የባሕር አረም ሲያለሙ ማየት፣ በባዶው ወለል ላይ መራመድ ከፈለጋችሁ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ያዙ። ያኔ ጫማ አታውልቁ፤ ድንጋዩ መሐል ጥቁር እሾኻም ፍጥረት አለ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከወጋችሁ የሚታየውን በወረንጦ አውጥታችሁ እግሩን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ዘፍዝፉት።

ወረቀቱ ላይ ቅደም ተከተሉን አታዛባ። ፓስፖርትህ ከስድስት ወር በላይ ዕድሜ ይኑረው። ቪዛ በታንዛኒያ መንግሥት የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ቀድመህ ጠይቅ፤ አስመሳይ ገጾች ስላሉ አድራሻው መጨረሻ ላይ የመንግሥት ምልክት (.go.tz) መኖሩን አረጋግጥ። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጥ። የቢጫ ወባ ክትባት ከመነሳትህ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ቢጫውን ካርድ ይጠይቃሉ። በፈረንጆቹ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ደግሞ ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ዜጋ ሁሉ የራሷን የጉዞ መድን ታስገዛለች። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ ሌላ መድን አለኝ ማለት አያድንም።

ባንክ ዶላር ሲሰጥህ ኖቶቹን አገላብጣቸው። በፈረንጆቹ ከ2006 በፊት የታተመውን፣ የተቀደደውንና የተጻፈበትን እዚያ አይቀበሉህም። ለወጪህ ሽልንግ መንዝር።

ሻንጣ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ ሁሉን በፌስታል ጠቅልለን ነው የምንሄደው፤ ታንዛኒያ ግን በፈረንጆቹ ከሰኔ 2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱባችኋል። ዘሃራ ድርቆሽና በርበሬ መያዟ አይቀርም፤ በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ታድርገው። የስልክ ቻርጀር እዚያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ መሰኪያ ስለሚፈልግ አዳፕተር ያዙ። ውኃ ላይ ስትንሳፈፉ ጀርባን የሚያቃጥለው ፀሐይ ለጥቁር ቆዳም አይራራምና እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ወባው ቢቀንስም አልጠፋም፤ ማታ ማታ የትንኝ ቅባት አትርሱ።

የሰዓት ነገር ያስቅሃል። ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ጀልባ ነጂው 2 ሰዓት ካለህ የኛው 2 ሰዓት ነው፤ የሆቴሉ ወረቀት ላይ ግን 8 ተብሎ ይጻፋል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ባለችው በትንሿ ምኔምባ ደሴት ዙሪያ ወዳለው ኮራል የምትሄዱ ከሆነ ነፋሱ ሳይበረታ በጠዋት ውጡ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱንም ጀልባው ሳይነሳ ልበሱት፤ «እዚያ ስንደርስ እሰጣችኋለሁ» ካለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

ከኮምቦልቻ የሚነሳው በረራ በአየር ጠባይ ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ስለሚችል አዲስ አበባ አንድ ሌሊት እደሩ። ያሰብከውን ሳምንት በሂጅራ ቀን ጽፈህ ላክልኝ፤ ፓጄ ይሁን ኑንግዊ ያኔ እነግርሃለሁ። ለዘሃራ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ ታደሰ፣ ኮምቦልቻ